አምፑ ይቆይ፣ መጀመሪያ ሄድፎኑ

ሙዚቃ ከኮምፒውተር እንደማዳምጥና ለዚህ ነገር ትንሽ እንደምጨነቅ የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ምን አምፕ ልግዛ?» እኔም መልሼ እጠይቃለሁ። «ሄድፎንህ ምንድን ነው?» ብዙ ጊዜ መልሱ «እሱንማ ገና አልገዛሁም» ነው። አንዳንዴ ደግሞ ከስልክ ጋር የመጣ ኢርፎን ሆኖ ይገኛል።

ጉዳዩ ወዲህ ነው። ከኮምፒውተር የሚወጣ ሙዚቃ ጆሯችን እስኪደርስ ሦስት ቦታ ያልፋል። ዳክ የሚባለው ፋይሉ ውስጥ ያለውን ቁጥር ወደ ኤሌክትሪክ ይቀይራል። አምፑ ያንን ደካማ ኤሌክትሪክ ያጎለብታል። ሄድፎኑ ደግሞ ኤሌክትሪኩን አየር ወደሚያንቀጠቅጥ ድምፅ ይለውጣል። ላፕቶፕ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተሠርተው ይመጣሉ። በሁለት ሄድፎኖች መካከል ያለውን ልዩነት ጆሮ ያለው ሁሉ ወዲያው ይሰማዋል። በደንብ የተሠሩ ሁለት አምፖች ግን እኩል ድምፅ ላይ ከተደረጉ በኋላ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለመለየት ያስቸግራሉ። ስለዚህ ገንዘቡም ሐሳቡም መጀመሪያ ሄድፎኑ ላይ ይዋል ባይ ነኝ። አምፕ የሚገዛው ችግር ሲኖር ነው። ችግሩ ምን እንደሆነም ከመግዛት በፊት መታወቅ አለበት።

እኔ የጽሑፍ አራሚ ነኝ። ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት ያስቀምጠኛል። መነጽር አደርጋለሁ። ባለቤቴም እዚያው ክፍል ውስጥ ነው የምትሠራው፤ የቀኗ እኩሌታ በስብሰባ ያልቃል። ካነበብኩት የባለሙያ አስተያየት ሁሉ ይልቅ ምርጫዬን የወሰኑት እነዚህ ናቸው።

መጀመሪያ የሚመጣው ክፍት ይሁን ወይስ ዝግ የሚለው ነው። ክፍት የሚባለው ሄድፎን ጀርባው ወንፊት ነው። አየር ወደ ኋላም ይወጣል። ሙዚቃው ጭንቅላት ውስጥ የታፈነ አይመስልም፤ ጆሮም ቶሎ አይሞቅም። ነገር ግን የምትሰሙት ሁሉ አጠገባችሁ ላለው ሰው ይሰማል። የእሱም ወሬ ለእናንተ ይሰማል። ዝጉ ጀርባው ድፍን ነው። ድምፅ አያስወጣም፣ ከውጭም ብዙ አያስገባም። በምትኩ ጆሮ ያሞቃል፤ አንዳንዱም ሳጥን ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ይመስላል።

ብቻዬን ብሠራ ኖሮ ዝግ ሄድፎን አልገዛም ነበር። ግን ብቻዬን አይደለሁም። ስለዚህ ቀን ቀን ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ አደርጋለሁ፤ ባለ 80 ኦሙን (ኦም ምን እንደሆነ ከታች ይመጣል)። ባለቤቴ ኮምፒውተሯን ከዘጋች በኋላ ሴንሃይዘር ኤችዲ 600 ይወጣል። እሱ ክፍት ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ገበያ ላይ የዋለ ሞዴል ሲሆን እስካሁንም ይሸጣል። በኤሌክትሮኒክስ ዓለም እንዲህ ያለ ዕድሜ ብርቅ ነው። ዕድሜ የሰጠው ውስጡ የሚያረጅ ብዙ ነገር አለመኖሩ ይመስለኛል። ባትሪ የለው፣ ቺፕ የለው፣ አፕ የለው። ስፖንጁ ሲያልቅ ይቀየራል። ገመዱ ሲበላሽ ተነቅሎ ሌላ ይሰካል። የእኔ ዲቲ 770 ላይም ስፖንጁ ይቀየራል፤ ገመዱ ግን አይነቀልም። የወንበሬ ጎማ ገመዱ ላይ በወጣ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል። ሄድፎን ስትመርጡ ገመዱ ይነቀላል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ሄድፎን የሚሞተው በገመዱ ነው።

ስለ ምቾት የሚጻፈው ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው። እኔ ግን ወደ ፊት ላምጣው። የማይመች ሄድፎን የቱንም ያህል ቢያምር ድምፁ፣ ከሳምንት በኋላ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ይቀራል። ኤችዲ 600 ያለ ገመዱ 260 ግራም ነው። ድምፁን በስስ ሽፋንና በማግኔት ከሚያወጡት፣ ፕላናር ማግኔቲክ ከሚባሉት ውስጥ ግማሽ ኪሎ የሚያልፉ አሉ። ያንን ክብደት ሱቅ ውስጥ ለአምስት ደቂቃ ስትሞክሩት አታውቁትም። አንገት የሚናገረው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ጠበቅ አድርጎ መያዙም አለ። ኤችዲ 600 አዲስ ሲሆን ጭምቅ ያደርጋል፤ እየዋለ እያደረ ይላላል።

መነጽር ለምታደርጉ ደግሞ የተለየ መልእክት አለኝ። የመነጽሩ እግር በስፖንጁና በቆዳ መካከል ይገባና ቀዳዳ ያበጃል። በዝግ ሄድፎን በዚያች ቀዳዳ መጀመሪያ የሚያመልጠው ቤዙ ነው። ሙከራው ቀላል ነው። ቤዝ ያለው ዘፈን ክፈቱና መነጽራችሁን አውልቁ። ቤዙ ድንገት ከወፈረ ስፖንጁ አልገጠመም ማለት ነው። ቀጭን እግር ያለው መነጽር ነገሩን ያቀለዋል። ወፍራምና ለስላሳ ስፖንጅም እንደዚያው። ሰዎች «ይሄ ሄድፎን ቤዝ የለውም» ሲሉ ስሰማ መጀመሪያ የማየው ፊታቸውን ነው።

ካርቶኑ ላይ የሚጻፈውን የፍሪኩዌንሲ ቁጥር ግን ችላ በሉት። ዲቲ 770 «ከ5 እስከ 35,000 ኸርዝ» ይላል፤ ኸርዝ ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ ነው። የሰው ጆሮ የሚሰማው ቢበዛ ከ20 እስከ 20,000 ነው፤ ከላይ ያለው ደግሞ ከዕድሜ ጋር እየተሸረፈ ይሄዳል። ዋናው ነገር ሄድፎኑ የት ድረስ መድረሱ ሳይሆን እዚያ መሀል ላይ የትኛውን ድምፅ አጉልቶ የትኛውን እንደሚያሳንስ ነው። ይህን ካርቶን አይነግራችሁም። የተለካ ግራፍ ይነግራችኋል።

በዚህ ላይ ጥሩ ሥራ የተሠራው ሃርማን የሚባለው የድምፅ ዕቃ አምራች ድርጅት ውስጥ ነው። ተመራማሪው ሾን ኦሊቭና ባልደረቦቹ ሰዎችን ሰብስበው ብዙ ዓይነት ድምፅ አስመረጡ። አብዛኛው ሰው የወደደው በጥሩ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ጥሩ ስፒከርን የሚመስል ሄድፎን ሆኖ ተገኘ። ከዚያ የወጣው የግራፍ መስመር «የሃርማን ታርጌት» ይባላል። ብዙ አምራቾች ዛሬ ወደዚያ ይጠጋሉ። ሁሉም ሰው ያንን ይወዳል ማለት አይደለም። ግን አንድ ሄድፎን ከዚያ መስመር የት ላይ እንደሚርቅ ማወቅ፣ ሳትሰሙትም ባሕርዩን ለመገመት ይረዳል።

የእኔ ሁለቱ ሄድፎኖች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ዲቲ 770 ቤዙ ሙሉ ነው፤ ከ8,000 ኸርዝ አካባቢ ጀምሮ ግን ይሾላል። ዘፋኙ «ስ» እና «ሽ» ባለ ቁጥር ጆሮ ላይ ይፏጫል። ኤችዲ 600 መሀሉ ላይ፣ የሰው ድምፅ ያለበት ቦታ ላይ፣ እስካሁን ከሰማኋቸው ሁሉ ይበልጥብኛል። ከታች ግን የጠለቀው ቤዝ ይሳሳል። ከበሮው ይሰማል፤ ደረት አይነካም። የምታዳምጡት ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ከሆነ ኤችዲ 600 ያስከፋችኋል። ድምጻዊና ባለክር መሣሪያ የምትወዱ ከሆነ ግን ሌላ ፍለጋ አትሂዱ።

ለመሞከር ስትሄዱ የራሳችሁን ዘፈን ይዛችሁ ሂዱ። ሻጭ የሚያሰማችሁ ሙዚቃ በየትኛውም ሄድፎን ላይ ደስ የሚል ተብሎ የተመረጠ ነው። በልባችሁ የምታውቁት ዘፈን ይሻላል፤ ቅጂው ጥሩ ባይሆንም እንኳ። እኔ የሴት ድምፅ፣ የወንድ ድምፅ፣ ቤዝ ጊታር፣ ጭብጨባ ያለበት የመድረክ ቅጂና አንድ የማሲንቆ ቅጂ እይዛለሁ። ማሲንቆው የሾለ ሄድፎንን በአንድ አፍታ ያጋልጣል።

በነገራችን ላይ ያልወደዳችሁትን ድምፅ ለማስተካከል ሌላ ሄድፎን መግዛት ግድ አይደለም። ኢኩላይዘር አለ፤ ቤዙንም ሹሉንም ለየብቻ ከፍ ዝቅ የሚያደርግ። ዊንዶውስ ላይ ኢኩላይዘር ኤፒኦ የሚባል ነፃ ፕሮግራም የኮምፒውተሩን ድምፅ ሁሉ ያስተካክላል። ዲቲ 770ን እዚያ ሹል ቦታው ላይ በ4 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ የሚለካበት ነው) ዝቅ አድርጌዋለሁ፤ ከፉጨቱ ተገላገልኩ። አንድ ነገር ብቻ አትርሱ። ቤዝ 5 ዴሲቤል ከጨመራችሁ «ፕሪአምፕ» የሚለውን፣ የፕሮግራሙን አጠቃላይ ድምፅ፣ በዚያው መጠን ወደ ታች አውርዱ። አለበለዚያ ድምፁ ከጣሪያው ጋር ይጋጭና ይሰነጠቃል። ኢኩላይዘር መንካት ሙዚቃውን ማርከስ ነው የሚሉ አሉ። ለእነሱ ያለኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ ያን ፉጨት ሙዚቀኛው ነው ያስገባው?

አሁን ወደ አምፑ እንምጣ። ቁጥር ይበዛል፤ ታገሱኝ። አምፕ የሚያስገዛው የመጀመሪያው ችግር ድምፁ አለመብቃቱ ነው።

ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ኦም ነው። «300 ኦም ነው፣ አምፕ ይፈልጋል። 32 ኦም ነው፣ አይፈልግም።» ይህ ግማሽ እውነት ነው። ኦሙ ሄድፎኑ የኤሌክትሪኩን ፍሰት ምን ያህል እንደሚከላከል ይናገራል። በተሰጠው ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚጮህ የሚነግረን ሌላ ቁጥር ነው፤ በዴሲቤል የሚጻፈው። ሁለቱ አንድ ላይ ካልታዩ ዋጋ የላቸውም።

ደግሞ ዴሲቤሉ ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። አንዳንዱ አምራች በ1 ሚሊዋት ይለካል፤ ሌላው በ1 ቮልት። ሶኒ ኤምዲአር 7506ን ውሰዱ። 63 ኦም፣ 106 ዴሲቤል። ኤኬጂ ኬ701ን ውሰዱ። 62 ኦም፣ 105 ዴሲቤል። መንትያ ይመስላሉ አይደል? የሶኒው ግን በ1 ሚሊዋት የተለካ ነው፤ የኤኬጂው በ1 ቮልት። ይህ አንዱን በኪሎ ሌላውን በሊትር ለክቶ እንደማወዳደር ነው። ወደ አንድ መለኪያ ስናመጣቸው ሶኒው በ1 ቮልት 118 ዴሲቤል ይሰጣል። ኤኬጂው ያው 105 ላይ ነው። የ13 ዴሲቤል ልዩነት ማለት ነው። እኩል እንዲጮሁ ከፈለጋችሁ ለኬ701 ወደ 20 እጥፍ ኃይል መስጠት አለባችሁ። ኦማቸው ግን አንድ ነው!

ከሚሊዋት ወደ ቮልት መቀየሪያው ቀላል ነው። ለ32 ኦም 15 ዴሲቤል ትደምራላችሁ። ለ80 ኦም 11፣ ለ300 ኦም 5፣ ለ600 ኦም 2። ለምን ወደ ቮልት? የላፕቶፕ ጃክ በቮልት ነው የሚገደበው። ብዙዎቹ ቢበዛ 1 ቮልት አካባቢ ይሰጣሉ። ስለዚህ በቮልት የተጻፈው ዴሲቤል፣ ላፕቶፓችሁ ቮልዩሙ ሙሉ ሲሆን ምን ያህል ሊጮህ እንደሚችል በቀጥታ ይነግራችኋል።

በእኔዎቹ እናስላው። ዲቲ 770 ባለ 80 ኦሙ በሚሊዋት 96 ነው። 11 ስንደምር 107። ኤችዲ 600 በአምራቹ ቁጥር በ1 ቮልት 97 ነው። ያው ላፕቶፕ፣ ያው ዘፈን፣ የ10 ዴሲቤል ልዩነት። ለጆሮ ይህ የእጥፍ ያህል ነው። 97 ለብዙ የዘመኑ ዘፈን በቂ ነው፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከፍ ተደርጎ ነው የሚቀዳው። የኦርኬስትራ ሙዚቃ ግን ሌላ ነው። ዝቅ ያለው ቦታና የሚፈነዳው ቦታ በጣም ይራራቃሉ። የሚፈነዳው እንዳይቆረጥ ከተባለ 110 ድረስ መንገድ መኖር አለበት። ለዚያ ኤችዲ 600 4.5 ቮልት ገደማ ይፈልጋል። ላፕቶፑ ያንን አይሰጥም። ኃይሉ ግን ብዙ አይደለም፤ 67 ሚሊዋት ነው። ካርቶናቸው ላይ «2 ዋት» ብለው የሚፎክሩ አምፖች ለዚህ ሄድፎን የሚተርፍ እንጂ የሚጠቅም ነገር አልያዙም።

የምር ኃይል የሚበሉ ሄድፎኖች አሉ። ሃይፋይማን ኤችኢ 6 የታወቀ ምሳሌ ነው። 50 ኦም ብቻ ነው፤ ግን በሚሊዋት 83.5 ዴሲቤል ነው የሚሰጠው። 110 ለመድረስ ግማሽ ዋት ገደማ ይፈልጋል። የስፒከር አምፕ ላይ የሚሰኩት ሰዎች ነበሩ።  ኤሌክትሮስታቲክ የሚባሉት ደግሞ ጭራሽ ሌላ ዓለም ናቸው። የስታክስ ሄድፎኖች 580 ቮልት የሚሰጥ የራሳቸው ማንቀሳቀሻ አላቸው፤ ሌላ ጃክ ላይ አይሰኩም። ከእነዚህ አንዱን ከመረጣችሁ አምፑን አብራችሁ አስቡ። ከሌላችሁ ግን ስሌቱን ሥሩና ቁጥሩ ይወስን።

ሁለተኛው ችግር የአውትፑት ኢምፒዳንስ ነው። አምፑም የራሱ ኦም አለው። ይህ ከሄድፎኑ ኦም አንጻር ትልቅ ከሆነ የሄድፎኑን ድምፅ ይለውጠዋል። የሄድፎን ኦም ቋሚ ስላልሆነ ነው። ኤችዲ 600 300 ኦም ይባላል እንጂ 100 ኸርዝ አካባቢ ከ500 ያልፋል። አምፑ 120 ኦም ከሆነ ቤዙ ከሌላው በ1 ዴሲቤል ገደማ ከፍ ይላል። ጥቂት ናት፤ ግን ትሰማለች። «ይህ አምፕ ሞቅ ያለ ድምፅ አለው» የሚባለው አንዳንዴ እሷው ናት። ለመጠንቀቅ የሚጠቅም ልማድ አለ፦ የአምፑ ኦም ከሄድፎኑ አንድ ስምንተኛ አይብለጥ። ለ32 ኦም ሄድፎን 4 ኦም ወይም ከዚያ በታች ማለት ነው። ውስጣቸው ብዙ ትንንሽ ድራይቨር (ድምፅ አውጪ) ያላቸው የጆሮ ውስጥ ማዳመጫዎች ላይ ግን እኔ 1 ኦም አካባቢ ካልሆነ አልሰካም። የእነሱ ኦም ከፍ ዝቅ ሲል በጣም ነው።

ይህን የአንድ ስምንተኛ ሕግ ካስፋፉት ሰዎች አንዱ ስሙ እስከ ዛሬ አልታወቀም። በኢንተርኔት ኤንደብሊውኤቪጋይ በሚል ስም ይጽፍ ነበር። አምፖችን እየለካ ቁጥራቸውን ያወጣ ነበር፤ ቁጥሩም ብዙ አምራች አስኮርፏል። እ.ኤ.አ. በ2011 ኦ2 የሚባል አምፕ ነድፎ ንድፉን ለሁሉም በነፃ ለቀቀው። በሁለት ባለ 9 ቮልት ባትሪ የሚሠራ፣ ውስጡ ርካሽ ቺፖች ያሉበት ሣጥን ነበር። ሲለካ ግን ስመ ጥር ውድ አምፖችን አሳፈረ። እ.ኤ.አ. በ2012 ሰውየው ጠፋ። መጻፍ አቆመ፤ በቃ። እኔ እንደዚህ ሰው የምወደው ጸሐፊ የለም። ዛሬ ርካሽ አምፕ ገዝተን ንጹህ ድምፅ የምንሰማው በከፊል የእሱ ሙግት ስላሸነፈ ይመስለኛል።

ሦስተኛው ችግር ጫጫታ ነው። ከሁሉም በላይ ሰው ወደ አምፕ የሚሄደው በዚህ ነው፤ ግን የሚፈታው ዳኩ ነው። ማውስ ስታንቀሳቅሱ «ዚዝዝ» የሚል ድምፅ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ከኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ትርምስ ወደ ድምፁ እየገባ ነው። እዚያው ጃክ ላይ አምፕ ብትሰኩ ጫጫታውም አብሮ ይጎላል። መፍትሔው ቁጥሩ ወደ ድምፅ የሚለወጥበትን ቦታ ከኮምፒውተሩ ማውጣት ነው፤ በዩኤስቢ የሚሰካ ዳክ።

ዴስክቶፕ ካላችሁ ግን መጀመሪያ ነፃውን ሞክሩ። ሄድፎኑን ከፊት ጃክ ነቅላችሁ ከኋላ ሰኩት። የፊቱ ጃክ ገመድ ካርዶቹን እየታከከ ስለሚያልፍ ትርምሱን ይሰበስባል። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ነቅላችሁ ስሙ። ጫጫታው ከጠፋ ጥፋተኛው የቻርጀሩ መስመር ነው።

ዳክ ሲባል ደግሞ ትልቅ ሣጥን አይታሰባችሁ። የአፕል ትንሿ የዩኤስቢ ሲ አስማሚ ውስጧ ዳክም አምፕም አለ። በአሜሪካ የሚሸጠው 1 ቮልት ይሰጣል፤ የአውሮፓው ግማሹን። አውትፑት ኢምፒዳንሷ 1 ኦም አካባቢ ነው። ለዲቲ 770 ትበቃለች። እኔ ከቤት ውጭ ስሠራ እሷን ነው የምይዘው። ከዚያ በላይ ላለው ዳክ የሚከፈለው ገንዘብ ለቮልቴጅ፣ ለመሰኪያ ብዛትና ለመልክ ነው። ሲዲ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ 16 ቢትና 44.1 ኪሎኸርዝ ነው (ድምፁ በቁጥር የሚመዘገብበት ዝርዝርነት ማለት ነው)፤ ያንን በንጽሕና መለወጥ ዛሬ ያለቀለት ሥራ ነው። 24 ቢት ፋይል የምታወርዱ ከሆነ አውርዱ፤ ቦታ ይበላል እንጂ አይጎዳም። የሚለየው የተሻለ ቅጂ ነው። በደንብ የተቀዳ 16 ቢት፣ በመጥፎ ከተቀዳ 24 ቢት ይሻላል።

ታናሽ ወንድሜ ብሉቱዝ ሄድፎኑ በኮምፒውተር ላይ «እንደ ስልክ» ሆነብኝ ብሎ ሊመልሰው ነበር። በስልኩ ላይ ደህና ነው፣ ኮምፒውተሩ ላይ ግን ድምፁ ጠባብና ደረቅ። ይህ የብዙ ሰው ነገር ስለሆነ ልጻፈው። ብሉቱዙ የሄድፎኑ ማይክ ሲከፈት ሙዚቃ የሚያሰማበትን መንገድ ትቶ ወደ ስልክ ጥሪ መንገድ ይገባል። ከበስተጀርባ የተከፈተ የስብሰባ ፕሮግራም ማይኩን ከያዘው ሙዚቃው ይሞታል። ወንድሜ በሴቲንግ ውስጥ ማይኩን ወደ ላፕቶፑ ማይክ ቀየረው፤ ሄድፎኑ ዳነ። ሌላም አምፕ አይፈልግም። ብሉቱዝ ሄድፎን ዳኩንም አምፑንም ውስጡ ይዞ ነው የሚዞረው።

ሁለት አምፕ ይዛችሁ የትኛው ይሻላል ብላችሁ ልታወዳድሩ ከሆነ አንድ ወጥመድ አለ። ጆሮ ጥቂት ከፍ ያለውን «የተሻለ» ይለዋል። ከፍ እንዳለ አያውቅም፤ ጥርት አለ፣ ሰፋ፣ ሕይወት ዘራ ይላል። ግማሽ ዴሲቤል እንኳ ያሳስታል። ስለዚህ እኩል አድርጓቸው። የ300 ኸርዝ ወጥ ድምፅ አጫውቱና ሄድፎኑ እንደተሰካ በመልቲሜትር ቮልቱን ለኩ። ሁለቱ አንድ ቁጥር እስኪሰጡ ቮልዩሙን አስተካክሉ። ርካሽ መልቲሜትር ከ400 ኸርዝ በላይ አይታመንም፤ ለዚያ ነው 300 ያልኩት። ከዚያ ሌላ ሰው ይቀያይርላችሁ፤ እናንተ የቱ እንደሆነ ሳታዩ ስሙ። ለዚህ ሥራ ባለቤቴን አስቸግሬያለሁ። እሷ «ሁለቱም ያው ነው» ያለችው ገና መቀያየር ሳትጀምር ነው።

ሄድፎን «እስኪሟሽ» 200 ሰዓት አጫውቱት የሚባለውንም አልቀበልም። ስፖንጁ ይለሰልሳል፣ ማቀፊያው ይላላል፤ በዚያ ምክንያት ድምፁ ጥቂት ሊለወጥ ይችላል። ከዚያ የቀረው ጆሮ መልመዱ ነው።

አምፕ ስትገዙ አብሮ የሚመጣ አደጋም አለ። ብዙ ላፕቶፕ ከ1 ቮልት ብዙም አያልፍም ብዬ ነበር። አምፕ ግን ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው። በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 90 ላይ ሲደርስ በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ ይቀራል። እንደ እኔ ቀኑን ሙሉ ለሚያዳምጥ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። ክፍት ሄድፎን ጫጫታ ባለበት ቦታ የማልመክረውም ለዚህ ነው፤ ጫጫታውን ለመሸፈን እጅ ሳያውቀው ቮልዩሙን ይጨምራል።

እኔ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ አምፕ አለ። ኤችዲ 600 ስለሚያስፈልገው ገዛሁት። አሁን ግን ከምንም በላይ የምወደው ክቡን የቮልዩም መዘውር ነው። ስልክ ሲደወል መስኮት ከፍቶ፣ ተንሸራታች ፈልጎ፣ በማውስ መጎተት የለም። እጅ ይዘረጋል፣ ይቀንሳል። ይህ የድምፅ ጥራት አይደለም፤ ግን ለአምፕ ገንዘብ ለማውጣት በቂ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ።

መዘውሩን በሚመለከት ግን አንድ ነገር እወቁ። ርካሽ መዘውር ከታች መጀመሪያው ላይ ግራና ቀኙን እኩል አያደርግም። ዝቅ አድርጋችሁ ስትሰሙ ዘፋኙ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ጥሩው ቦታ መሀሉ ነው። ስለዚህ አምፑ ጀርባ ወይም ፊት ላይ «ጌይን» የሚል፣ አምፑ ምን ያህል እንደሚያጎላ የሚወስን ማብሪያ ካለው ዝቅተኛው ላይ አድርጉት። የኮምፒውተሩን ቮልዩም ሙሉ አድርጉና መዘውሩን ከዜሮ ጀምራችሁ ቀስ ብላችሁ አንሡ። ሩብ ሳይዞር ጆሮ የሚያደነቁር ከሆነ የኮምፒውተሩን ቮልዩም ትንሽ አውርዱት፤ ሲስተሙ 24 ቢት ላይ ከሆነ ጥራቱ አይጎድልባችሁም። ሦስት ሩብ አልፎም የማይበቃችሁ ከሆነ ያን ጊዜ ጌይኑን ከፍ አድርጉ። ማብሪያውን ስትነኩ ግን ሄድፎኑ ጆሯችሁ ላይ አይሁን።